ባዮስ የማያውቃቸው ቁጥሮች

ኢንስፔክተር ዘሀራ ሸምሱ ስልክ የተደወለላት ለሰሎሞን ሹመት የተገዛው ኬክ ሊቆረስ ሲል ነው። ሰሎሞን ከእሷ በኋላ የተቀጠረ፣ የምርመራ አሠራርን እሷው ራሷ ያስተማረችው ሰው ነበር። አሁን አለቃዋ ሆነ። «እንኳን ደስ ያለህ፤ ይገባሃል» ስትለው ፈገግ ብላ፣ ኬኩ ላይ ከተጻፈው ስሙ ዓይኗን አሸሸች። ስለዚህ «እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ አንድ ወጣት ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ» ሲባል፣ ኬኩን ሳትቀምስ የምትወጣበት ሰበብ በማግኘቷ ደስ አላት። መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን በሰው ሞት መደሰቷን አስባ አፈረች።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሁለት፣ ወሩ ታኅሣሥ ነበር። መኪናው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ሲወጣ ብርዱ በየስንጥቁ ይገባ ጀመር። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፍ የከበበው የጭቃ ቤት ነው። ሟቹ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ መገናኛ አንድ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ጌድዮን የሚባል ወጣት ነበር። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ በጎኑ እንደተኛ ነው የሞተው። ከአልጋው ሥር የከሰል ምድጃ አለ፤ ፍሙ ከስሞ አመድ ሆኗል።

«ይሄማ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ገረሱ፣ እጆቹን እያፋተገ። «በረደው፤ ከሰል አስገባ፤ መስኮቱን ዘግቶ ተኛ። ብርድ በመጣ ቁጥር የምናየው ነገር ነው።»

ዘሀራ ክፍሏን በዓይኗ ቃኘች። መስኮቱ ዘንድ ሄዳ ቆመች። የመስኮቱን መቀርቀሪያ ዝገት በልቶታል፤ ዝገቱ ላይ ግን ገና የሚያብለጨልጭ አዲስ ጭረት አለ። ከሥሩ መሬት ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወድቋል።

አከራይዋ ወይዘሮ እታገኝ በር ላይ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ጠዋት ለሥራ ሳይወጣ ሲቀር በሩን ገፍተው የገቡት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ እታገኝ፣ ይህ ድንጋይ ምንድን ነው?»

«የመስኮቱ ማስደገፊያ ነዋ፣ የኔ ልጅ። እንዳይዘጋበት። ያን መስኮት ተዘግቶ አይቼው አላውቅም! ‹ብርዱ ይገድልሃል› ስለው ‹እትዬ፣ እኔ እዚህ ተራራ ላይ የተከራየሁት ለብርዱ ብዬ ነው› ይለኛል።»

«ለብርዱ?»

«ለዚህ ለማሽኑ» አሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮምፒውተር በአገጫቸው እያመለከቱ።

ኮምፒውተሩ በርቷል። ክዳን የለውም፤ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ይታያል። ዘሀራ ጎንበስ ብላ አየችው። በክፍት መስኮት ሲገባ የከረመው የእንጦጦ ቀይ አቧራ ሽቦውንም ማራገቢያውንም አልብሶታል። ሁለት ቀጫጭን ካርዶች ብቻ ጎን ለጎን ተሰክተው፣ ከሱቅ ዛሬ እንደወጡ ሁሉ ንጹሕ ናቸው። ልብ አለቻቸውና ወደ አከራይዋ ዞረች።

«ምድጃው የማን ነው?»

«የኔ ነው። ትናንት መሸት ሲል መብራት ሄደ። ሽሮዬን በከሰል ሠርቼ፣ ፍሙን እንዳለ ጓሮ አስቀምጬ ጎረቤት ለቅሶ ልደርስ ወጣሁ። እኔ ስወጣ ያ የሱቁ ባለቤት፣ አስተማሪው፣ ሊጠይቀው መጥቶ አብረው ነበሩ። ስመለስም መብራት መጥቶ ስለነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው አምፑል ፊቱን አይቼ ሰላም ብዬዋለሁ። ወደ ታች ይወርድ ነበር። ምድጃውን ከጓሮ ሳጣው ጌድዮን ወስዶት ነው ብዬ ተኛሁ። ምነው በሩን አንኳኩቼ ቢሆን!»

ይህን ጊዜ አንድ ቀጭን ወጣት እያለከለከ ግቢው ውስጥ ገባ። አካሉ ይባላል፤ የጌድዮን የሥራ ባልደረባ ነው። አስከሬኑን ሲያይ ግድግዳውን ይዞ ቁጢጥ አለ። ዘሀራ ትንሽ እንዲረጋጋ ጠበቀችውና ወደ ኮምፒውተሩ ጠራችው።

«ጌድዮን በዚህ ምን ይሠራ ነበር? ምንም ለማያውቅ ሰው እንደምትነግር አድርገህ ንገረኝ።»

አካሉ አፍንጫውን ጠረገ። «እነዚህ ሁለቱ ካርዶች ራም ይባላሉ። ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝባቸው ናቸው። አንድ ነገር ሲጠየቁ ትንሽ ጠብቀው ነው የሚመልሱት። ስንት እንደሚጠብቁ የሚወስኑ ቁጥሮች አሉ፤ ታይሚንግ እንላቸዋለን። ቁጥሩ ሲያንስ ማሽኑ ይፈጥናል፤ በጣም ሲያንስ ደግሞ ይደነዝዛል።»

«ቁጥሩን ማን ነው የሚወስነው?»

«ባዮስ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም ነው። እዚያ ገብተሽ መቀነስ ትችያለሽ፤ ግን ከሆነ ቦታ በታች አያወርድሽም። ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። ጌዲ ግን ከዚያ በታች ወረደ።» ድምፁ ተሰበረ። «ለዚህ ነው ብርዱን የፈለገው። ቁጥሩ እንደዚያ ሲወርድ ትንሽ ሙቀት ካገኘ ማሽኑ ቀጥ ይላል።»

«አሁን ስንት ላይ ነው ያለው?»

አካሉ ዘሀራ እያየችው አንዲት ትንሽ መስኮት ስክሪኑ ላይ ከፈተ። ግንባሩን ቋጠረ። «የባዮሱ ናቸው። ገና የራሱን ቁጥሮች አልጻፋቸውም ማለት ነው...» አለና ስለ ሙት እያወራ መሆኑ ትዝ ሲለው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ፣ አካሉ?»

«ቤቴ። አያት።» ሲመልስ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ከሰዓት በኋላ ዘሀራ ወደ መገናኛ ወረደች። ሱቁ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው በሰርተፊኬት ተሸፍኗል። ባለቤቱ ዳንኤል ቀደም ሲል ኮሌጅ ያስተምር ስለነበር ሁሉም «ቲቸር» ይሉታል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ይቅርታ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ቆይቷል» አለ ወንበር እየሳበላት። «ልጁ ጎበዝ ነበር። በጣም ጎበዝ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።»

«ፍጥነት ስለሚወዳደሩበት ነገር ሰምቻለሁ።»

«ኢንተርኔት ላይ የዓለም ሰው ውጤቱን የሚለጥፍበት ቦታ አለ። ከዚህ አገር ለዓመታት የኔ ስም ብቻ ነበር። መስከረም ላይ የልጁ ስም ከኔ በላይ ወጣ። ያው የኔ ዓይነት ማሽን፣ ከዚሁ ሱቅ የገዛው ያው ራም!»

«ተናደዱ?»

«ለምን እናደዳለሁ? ደስ አለኝ እንጂ። ይገባዋል።»

ዘሀራ ቀና ብላ አየችው። ያን «ይገባዋል» የሚል ድምፅ ታውቀዋለች፤ ጠዋት ከራሷ አፍ ወጥቷል። በንግግሩ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ጌድዮን ብሎ እንዳልጠራውም ልብ አለች።

«ከባዮሱ በታች እንዴት እንደወረደ ነግሮዎታል?»

«እሱን አላውቅም። የሱ ምስጢር ነው» አለ ዳንኤል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለ ብሎን ወዲያ ወዲህ እያንከባለለ።

«ትናንት ግን አብረውት ነበሩ።»

«አዎ፣ ለብዙ ጊዜ ስላልጠየቅሁት ወጣሁ። መብራት አልነበረም፤ በጨለማ ተጫወትን። መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ተነሣ። ቁጥሮቹን አሳየኝ፤ እዚያው ነበሩ፣ ከባዮሱ በታች። ደስ ብሎት እየሳቀ ነው የተለየሁት። በርዶኛል ሲል ነበር እንግዲህ... ከሰሉን እኔ ከሄድኩ በኋላ አስገብቶት ይሆናል።»

«መብራት ከመጣ በኋላ ቁጥሮቹን በዓይንዎ አዩ?»

«በዓይኔ።»

የጌድዮንን እጮኛ ፌበንን ያገኘቻት ሾላ፣ ከምትሠራበት የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ደጃፍ ነው። ከጌድዮን ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነበሩ፤ ከፋሲካ በኋላ ሊጋቡ ተቀጣጥረዋል። አላለቀሰችም። ፊቷ ግን እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«ማን ይቀናበት ነበር?» ስትል ዘሀራ ጠየቀቻት።

«እኔ» አለች ፌበን። «በሱ አይደለም፤ በኮምፒውተሩ። ቅዳሜን ከኔ ጋር ውሎ አያውቅም፤ ማሽኑ ጋ ነው። አንድ ጊዜ በዚህ ተጣላን። ስንታረቅ የጥፍር ቀለሜን አወጣሁና በሁለቱም ራሞች ጠርዝ ላይ አንዳንድ ቀይ ነጠብጣብ አደረግሁባቸው። ‹አሁን እኔም ውስጡ አለሁ› አልኩት። ሳቀ።»

«ከሰል ያነድድ ነበር?»

«ጌዲ? እኔ እንኳ ብርድ ልብስ ለብሼ ስቀመጥ ‹ትንፋሽሽ ማሽኑን አሞቀው› ነበር የሚለኝ።»

«አካሉስ?»

ፌበን ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። «ከጌዲ በፊት ከአካሉ ጋር ነበርኩ። አልረሳልኝም። ግን ክፉ ሰው አይደለም። ጌዲም ምስጢሩን ለሁለታችን አሳይቶናል፤ ለኔም ለእሱም።»

በማግስቱ ዘሀራ አካሉን መምሪያው ድረስ አስጠርታ አፋጠጠችው። አያት ያሉ ጎረቤቶቹ ያን ምሽት ቤቱ እንዳልገባ ተናግረዋል። መጀመሪያ ካደ፤ ኋላ አንገቱን ደፋ።

«ሾላ ነበርኩ። ከፌበን ቢሮ ፊት ለፊት ካለው ካፌ።»

«እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«ጌዲ መጥቶ ይወስዳት እንደሆነ ልይ ብዬ። አልመጣም። ብቻዋን ታክሲ ያዘች። እኔም... ደስ አለኝ።» ጆሮው ድረስ ቀላ። «ብዙ ጊዜ እንደዚያ አደርጋለሁ። ለፌበን እንዳትነግሪያት፣ በእናትሽ።»

የካፌው አስተናጋጅ በደንብ ታውቀዋለች፤ እስኪዘጋ ድረስ ከመስኮቱ ዳር እንዳልተነሣ መሰከረች። ገረሱ እየሳቀ ሲያወራው ዘሀራ አልሳቀችም። በዚያው ሳምንት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ፤ ጌድዮንን የገደለው የከሰል ጭስ ነው፤ ነገር ግን ሆዱ ውስጥ ከማንጎ ጭማቂ ጋር ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል። ዘሀራ የፍርድ ቤት ፈቃድ አውጥታ ገረሱን ወደ አንድ ቦታ ላከችው። ሲመለስ በእጁ የያዘውን ፖስታ አየችና «አሁን ሁሉንም ጥራልኝ» አለችው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አራቱም ከዚያች ክፍል ተገናኙ። ወይዘሮ እታገኝ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ፌበንና አካሉ ተራርቀው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዳንኤል ደግሞ ኮቱን አጥብቆ በሩ አጠገብ። መስኮቱ ተከፍቶ ድንጋዩ ተደግፎበታል። ከውጭ የባሕር ዛፉ ሹክሹክታ ይሰማል።

«አካሉ» አለች ዘሀራ፣ «ጌድዮን የሚያደርገውን አድርግ።»

አካሉ ኮምፒውተሩን አስነሣ። ሙሉ በሙሉ እስኪነሣ ጠበቀ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ከፍቶ፣ አራት ቁጥሮች ጻፈና አንድ ቁልፍ ተጫነ። በስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ወረዱ።

ዳንኤል ሳያውቀው ወደ ፊት ተራመደ። «ከዊንዶውስ ውስጥ?» አለ በሹክሹክታ።

«ከዊንዶውስ ውስጥ» አለች ዘሀራ። «ባዮሱ ሥራውን ጨርሶ ከተኛ በኋላ። በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ ሲሄድ ማለት ነው። አሁን ይህን እዩ።» የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀለች፤ ስክሪኑ ጨለመ። መልሳ ሰካችው። ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ተነሣ፤ አካሉ ፕሮግራሙን መልሶ ሲከፍተው የሚታዩት የባዮሱ ቁጥሮች ነበሩ።

ዳንኤል ጎንበስ ብሎ ቁጥሮቹን አየ።

«መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋሉ» አለች ዘሀራ። «ጌድዮን መብራት በመጣ ቁጥር እንደገና ይጽፋቸው ነበር። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሣ። ይህ ልጅ ቤቱ ውስጥ ከሰል አያስገባም፤ ሙቀት ጠላቱ ነው። ስለዚህ ምድጃውን ያስገባው፣ ድንጋዩን ጥሎ ለዓመት ያልተነካውን መቀርቀሪያ የዘጋው ሌላ ሰው ነው። ጌድዮን ለምን አልተቃወመም? ተኝቶ ነበር። የእንቅልፍ መድኃኒት በማንጎ ጭማቂ ጠጥቷል።»

«ጌታዬ!» አሉ ወይዘሮ እታገኝ።

«ማን? መጀመሪያ አካሉን ጠረጠርኩ። ዋሽቶኛልና፤ ምክንያትም ነበረው።» አካሉ ትንፋሹን ያዘ። ዘሀራ ወደ ፌበን አላየችም። «ያን ምሽት የት እንደነበረ አረጋግጫለሁ፤ የራሱ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አይነገርም። ግን እሱን ባላረጋግጥም እነዚህ ካርዶች ነፃ ያወጡት ነበር። የመጣሁ ቀን ኮምፒውተሩ በሙሉ አቧራ ለብሶ እነሱ ብቻ ንጹሕ ነበሩ። የፌበን ቀይ ነጠብጣብም የለባቸውም። ተለውጠዋል። ራም ማን ይሰርቃል? ምስጢሩ ራሙ ውስጥ ነው ብሎ የሚያምን ሰው። አካሉና ፌበን ምስጢሩ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ ካርዱ ምንም አይፈይድላቸውም። ካርዶቹን የወሰደው የማያውቀው ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ዳንኤል ዞሩ።

«እኔ ስለየው በሕይወት ነበር» አለ ዳንኤል። «መብራት ከመጣ በኋላ—»

«እሱ ነው የጣለዎት። እትዬ እታገኝ መብራት ከመጣ በኋላ መንገድ ላይ አግኝተውዎታል። ‹መብራቱ የመጣው እየወረድኩ ሳለ ነው› ብለውኝ ቢሆን አፌን እዘጋ ነበር። ግን ጌድዮን ከመብራቱ በኋላ በሕይወት እንዲኖር ፈለጉ፤ ከሰሉን በገዛ እጁ ያስገባ እንዲመስል። ለማስረጃ ደግሞ ቁጥሮቹን ጨመሩልኝ። ምስጢሩ ራሙ ላይ የተጻፈ መስሎዎት ነበርና መብራት ሄዶ ሲመጣ ቁጥሮቹም አብረው የሚመጡ መሰለዎት። በዓይንዎ ያዩት ነገር ሊታይ የማይችል ነበር። ከዚያ በኋላ መብራት አልሄደም፤ ጠዋት እኔ ስመጣ ግን ቁጥሮቹ የባዮሱ ነበሩ፤ መብራቱ ሲመጣ የሚጽፋቸው እጅ አልነበረም።»

ገረሱ ፖስታውን ከፈተ። በፕላስቲክ ተጠቅልለው ሁለት ካርዶች ወጡ፤ በየመገጣጠሚያቸው ቀይ አቧራ ገብቷል፤ በጠርዛቸው ትንንሽ ቀይ ነጠብጣብ አለ። «ሱቅዎ ውስጥ ከራስዎ ማሽን ላይ ተሰክተው ነው ያገኘናቸው። የእንቅልፍ መድኃኒቱም መሳቢያዎ ውስጥ ነበር» አለ።

ዳንኤል ወደ ገረሱ አላየም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ሞከርኳቸው» አለ በመጨረሻ። «በዚያው ማታ ሞከርኳቸው። ምንም የላቸውም። ያው እኔ የሸጥኩለት ራም ናቸው።» ወደ ስክሪኑ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ከመስከረም ጀምሮ ዓይኔን ስከድን ስሙ ከስሜ በላይ ይታየኛል። ሱቁ ውስጥ ሰው ሲመጣ ‹ጌድዮን አለ?› ነው የሚለው። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ። በኔ ሱቅ! ያን ቀን ልቋቋመው በማልችለው ሳቅ ሳቀ። በጨለማ ተቀምጦ ሳቀ፤ ምንም እንደማይጎድለው ሰው።» ከዚያ ወደ አካሉ ዞረ፤ እጁ ላይ ካቴና ሊገባ መሆኑን የረሳ ይመስል ነበር። «ፕሮግራሙ የቱ ነው? ራሱ ነው የጻፈው?»

አካሉ አፉን ሊከፍት ሲል ፌበን ቀደመችው። ዳንኤልን እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ስትለው ነው የኖረችው።

«አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸው ታውቃለህ?» አለችው።

ዳንኤል ወደ እሷ ዞረ።

«ይነግርህ ነበር። ‹ቲቸር ቢጠይቀኝ ቁጭ አድርጌ ባሳየሁት፤ ሳይጠይቀኝ ብነግረው ግን የናቅሁት ይመስለዋል› ይለኝ ነበር። በየሳምንቱ እንድትጠይቀው ይጠብቅህ ነበር። የዚያን ቀን ወደ እሱ ስትወጣ ደውሎልኛል፤ ‹ዛሬ ቲቸር እየመጣ ነው፣ ሊጠይቀኝ ነው መሰለኝ› አለኝ። ለዚያ ነው የሳቀው።»

ገረሱ ካቴናውን አስገባለት። ዳንኤል አልተቃወመም። በሩን ሲያልፉ ቆም ብሎ መቃኑን ያዘ። ገረሱ ክንዱን ደገፈው። ዳንኤል ዞሮ ስክሪኑን አየ።

«አልጠየቅሁትም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።